በጎ ፈቃደኝነትና የየቲሞቻችን አማና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው፤ ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይስፈን።

ውድ አንባቢያን! በውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችን ወደ አገር ቤት ሲመጡ በሳሪስና በአካባቢው ያሉ የቲሞችን በነፃ ማገልገል ይመኛሉ። ምኞታቸው የሚያስመሰግን ነው። ኒያ የሥራ መሠረት ነው፤ ሆኖም መሠረት ብቻውን ቤት አይሆንም። ስለዚህ ከመነሣታቸው በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያስተውሉ መልካም ነው።

አንደኛ፦ ከሕዝቡ ጋር መኖር። ሙስዐብ ኢብኑ ዑመይር (ረ.ዐ) እ.ኤ.አ. በ621 ከመካ ወደ የስሪብ (መዲና) ሲላክ ተግባሩ ቁርኣንና ዲንን ማስተማር ነበር። ያረፈውም በከተማይቱ ነዋሪ በአስዐድ ኢብኑ ዙራራ (ረ.ዐ) ቤት ነው። በማግስቱ ዓመት ከሰባ በላይ የከተማይቱ ሰዎች ቃል ኪዳን ለመግባት ወደ መካ መጡ።

ሁለተኛ፦ ሙያና በቂ ጊዜ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች ወደ አገራችን መጥተው ነበር። አብዛኞቹ በየክፍለ ሀገሩ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። የአገልግሎት ዘመናቸው ሁለት ዓመት ስለነበር መምህሩ የተማሪውን ስም ለማወቅ፣ የጀመረውንም ትምህርት ለመፈጸም ፋታ ነበረው።

ሦስተኛ፦ የሕፃኑን ልብ መጠበቅ። አባቱን ያጣ ሕፃን አቅፎ ያጫወተው እንግዳ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲለየው ዳግም እንደተተወ ይሰማዋል። ሌላ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቁስሉ ይታደሳል። ጎብኚ በበዛ ቁጥር ገንዘብ የሚያገኝ ማሳደጊያም ሕፃናትን ከቤተሰባቸው ለይቶ ወደ መሰብሰብ ሊያዘነብል ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ባሳለፈው ውሳኔ፣ አገሮች ሕፃናትን በማሳደጊያዎች ከሚካሄድ የበጎ ፈቃድ ጉብኝት ጉዳት እንዲጠብቁ ጠይቋል።

በሸሪዓችን የቲም ማለት ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ሳይደርስ አባቱን ያጣ ልጅ መሆኑን እናስታውስ። እንግዲህ ብዙውን ጊዜ እናቱ አለች ማለት ነው። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በሐበሻ ምድር በስደት ሳሉ ልጃቸው ዐብዱላህ እዚሁ ተወለደ። ጃዕፈር እ.ኤ.አ. በ629 በሙእታ ሲሰዉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ባለቤታቸው አስማእ ቤት ሄደው ልጆቹን አቀፉ፤ ለቤተሰቡም ምግብ እንዲዘጋጅ አዘዙ። እርዳታው እናትና ልጆች ወዳሉበት ቤት ሄደ እንጂ ልጆቹ ከእናታቸው አልተለዩም።

ስለሆነም ከውጭ የሚመጣ ወጣት ሐኪም ከሆነ ለጤና ባለሙያዎች፣ መምህር ከሆነ ለሰፈሩ አስጠኚዎች፣ ሒሳብ አዋቂ ከሆነ አነስተኛ ንግድ ለጀመሩ እናቶች ዕውቀቱን ያካፍል። እርሱ ሲመለስ ዕውቀቱ እዚህ ይቀራል፤ ልጁም ከማያጣው ሰው እጅ ይረዳል። ሙያ የሌለው ደግሞ የአውሮፕላን ትኬቱን ዋጋ ለአንድ የቲም የዓመት ወጪ ቢያውለው አጅሩ አይጎድልበትም። የልጁን ፎቶግራፍ ለሌሎች ከማሳየትም ይቆጠብ፤ የችግረኛን ክብር መሸፈን ራሱ ሰደቃ ነውና።

የለጋሽ ቤተሰቦች ሆይ! ልጆቻችሁ «መቼ እንሂድ?» ሲሏችሁ፣ አስቀድማችሁ «ምን ይዛችሁ? ለስንት ጊዜ? ስትመለሱ ሥራውን ማን ይረከባል?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

አላህ ሥራችንን ኢኽላስ ያለበት ያድርግልን፤ የየቲሞችን አማና በአግባቡ ከሚወጡትም ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።