የባትሪ መሙያ ጣቢያ፦ በግዴታ ወይስ በገበያ?

በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ አንድ ጥያቄ ጎልቶ ይሰማል። ባትሪ መሙያ ጣቢያዎችን መንግሥት በሕግ አስገድዶ ያስተክል ወይስ ነገሩ ለነጋዴው ይተው? ጥያቄው የኢኮኖሚ ቢመስልም የመልሱን ግማሽ የምናገኘው ከፊዚክስ ነው።

በመጀመሪያ ጊዜን እንመልከት። 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለን እንበል። ከ220 ቮልት የቤት ሶኬት 10 አምፒር ብንወስድ 2.2 ኪሎ ዋት እናገኛለን፤ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት 27 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ7 ኪሎ ዋት መሙያ ከ8 ሰዓት ተኩል በላይ፣ በ120 ኪሎ ዋት ፈጣን መሙያ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል። መኪና በሚያድርበት ግቢ፣ በሥራ ቦታና በሆቴል ዘገምተኛው መሙያ ይበቃል። ወጪው አነስተኛ፣ ደንበኛውም ቅርብ ስለሆነ ገበያው ራሱ ሊያሟላው ይችላል።

በአውራ ጎዳና ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። 10 ፈጣን መሙያዎች በአንድነት ሲሠሩ 1.2 ሜጋ ዋት ይፈልጋሉ፤ ለዚህም የራሱ ትራንስፎርመርና መስመር ያሻዋል። መኪናው ሳይበዛ ይህን ወጪ የሚደፍር ነጋዴ ጥቂት ነው፤ ጣቢያው ሳይኖር ደግሞ በኤሌክትሪክ መኪና ሩቅ ለመጓዝ የሚነሣ የለም። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሁለቱም ይቀራሉ። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ቋጠሮ ለመፍታት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ በዋና ዋና መንገዶቹ ላይ በየ60 ኪሎ ሜትሩ ፈጣን መሙያ እንዲኖር አስገድዷል።

ታዲያ ይህን ደንብ እንዳለ እንቅዳው? ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሄድ መኪና የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት። መጠነ ቁሱ 1,800 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና ከድልድዩ ተነሥቶ በግርድፉ 1,300 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 1,800 × 9.8 × 1,300 = 22.9 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም 6.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያወጣል። መኪናው በሜዳ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ፣ ዳገቱ ብቻውን እንደ ተጨማሪ 35 ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። በቁልቁለቱ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሠርቶ የኢነርጂውን ከፊል ይመልሳል፤ ባትሪው ከላይ ሲነሣ ሙሉ ከሆነ ግን የሚመለሰውን መቀበል አይችልም።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው። በከተማ ገበያው ይሥራ፤ መንግሥት የመሰኪያውን ዓይነትና የደኅንነት ደረጃውን ይወስን። በአገር አቋራጭ መንገድ ግን ግዴታ ያስፈልጋል፤ መስመሩንና ትራንስፎርመሩን መንግሥት ይዘርጋ፣ በጣቢያዎች መካከል የሚኖረው ርቀትም በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በኪሎ ዋት ሰዓት ይለካ። አለበለዚያ የኤሌክትሪክ መኪና ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ይቀራል፤ የክፍለ ሀገሩ ተጓዥም የነዳጁን መኪና አጥቶ የኤሌክትሪኩን ሳያገኝ መንገድ ላይ ይቆማል።

አንባቢያንም በየአካባቢያችሁ የሚገኘውን ረጅም ዳገት ከፍታ ወስዳችሁ ስሌቱን ሞክሩት።