የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው

ሀ. ከምንባቡ በፊት

ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው ሲተክዝ የሚጎድልበት ምን ይመስላችኋል? በመጀመሪያ ተወያዩበት፤ ቀጥሎም ምንባቡን ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡ።

ለ. ምንባብ

ሰው በተወለደበት ቀዬ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አያጣም። የአባቱን፣ የአያቱንና የመንደሩን ስም ይቆጥራል። ድንበር ሲሻገር ግን ይህ ሁሉ ስም የሚያውቀው ያጣል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን ተሰደዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙባት በካርቱም ኑሮ መሥርተዋል። በዚያች ከተማ የጎንደሩም፣ የወሎውም፣ የአስመራውም ሰው መጠሪያው አንድ ነው፤ «ሐበሻ» ይባላል። ስሙ የሚያስነውር አይደለም፤ ነገር ግን አንዱን ከሌላው ለይቶ አያሳውቅም።

ሥራ በታጣበትና የቤት ወሬ በዘገየበት ዕለት «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ልብን ያከብዳል። ሐዘንና ናፍቆት የሰው ሁሉ ዕጣ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውለው አድረው ይቀላሉ። ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ የሚቆይ፣ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን የሚያዛባ፣ የሚወዱትን ነገር የሚያስጠላ፣ ራስንም ከንቱ አድርጎ የሚያሳይ ትካዜ ግን ድባቴ የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል። ድባቴ ስንፍና አይደለም፤ የእምነት ጉድለትም አይደለም።

በአፍሪካ ምድር የአእምሮ ሕክምናን ከጀመሩት ቀዳሚዎች አንዱ ሱዳናዊው ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1911 ተወለዱ፤ በካርቱም ሕክምና ተምረው በእንግሊዝ አገር የአእምሮ ሕክምና አጠኑ፤ ሲመለሱም በሰሜን ካርቱም የነርቭ ሕሙማን ክሊኒክ አቋቋሙ። በኋላም የዓለም የጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና አማካሪ ሆነው አገለገሉ። እ.ኤ.አ. በ1964 ሱዳንን በጊዜያዊነት የመራው የአምስት ሰዎች ምክር ቤት አባል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970 ካረፉ በኋላ በኦምዱርማን የሚገኝ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል በስማቸው ተሰየመ።

የእኒህ ሐኪም ትልቅነት በሹመታቸው አይለካም። ከባሕር ማዶ የተማሩትን ብቻ ይዘው የሕዝባቸውን ልማድ አልናቁም፤ ከባህል ሐኪሞች ጋር ተባብረው ሠሩ፤ የዛርንም ሥርዓት አጠኑ። ዛር በጎንደርም በኦምዱርማንም የታወቀ ነው። በሱዳን ከሚጠሩት ዛሮች መካከል «ሐበሻ» የሚባሉ ወገኖች መኖራቸው የሁለቱን አገሮች ቅርበት ያሳያል። ቁም ነገሩ ዛር አለ ወይስ የለም የሚለው ክርክር አይደለም። የታመመችው ሴት ጎረቤት ተሰብስቦላት፣ ቡና ተፈልቶላት፣ በምታውቀው ቋንቋ ተጠይቃ ብሶቷን መናገሯ ነው። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንደሚባለው፣ ታማሚን ለመርዳት ማንነቱን ማወቅ ይቀድማል።

እንግዲህ እኛስ የተከዘ ወዳጃችንን እንዴት እንርዳ? ቀድሞ መምከር አይገባም፤ ቀድሞ መስማት ይገባል። «ከአንተ የባሰ አለ» ማለት አፉን ያዘጋዋል እንጂ አያጽናናውም። አጠገቡ ተቀምጦ «ምን ሆነህ ነው?» ማለት፣ ዝም ቢልም አብሮ ዝም ማለት፣ በማግስቱም ተመልሶ መጠየቅ ይበልጣል። የሱዳን ሰውም እንደኛ ጀበናን «ጀበና» ይላል፤ ቡና ለመጠራራት ቋንቋ አይገድም። መኖር አስጠላኝ የሚል ቢሆን ደግሞ ስለ ሞት አስቦ እንደሆነ በግልጥ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አለመተው፣ ለታላቅ ሰው መንገርና ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ግዴታ ነው። ምሥጢር መጠበቅ መልካም ነው፤ ሕይወት ማዳን ግን ይበልጣል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የተባለውም ለሥጋ በሽታ ብቻ አይደለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ፣ በዚያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደገና ተሰደዱ፤ ብዙዎችም በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ካርቱም ተወልዶ ያደገ ልጅ በዚያ «ሐበሻ» ሲባል ኖሮ፣ እዚህ ሲደርስ «ሱዳን» የሚል ቅጽል ሊወጣለት ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ በክፍላችሁ ቢኖር በቅጽል አትጥሩት። ስሙን ጠይቁት፤ ያደገበትን ሰፈር፣ የተለያቸውንም ጓደኞቹን እንዲያወጋችሁ ጋብዙት። ያን ጊዜ ከሁለት ስሞች መካከል አንዱን ጥሎ ሌላውን ለማንሣት አይገደድም።

ሐ. የቃላት ፍች

ቀዬ፦ መንደር፣ የመኖሪያ አካባቢ
ድባቴ፦ ጸንቶ የሚቆይ የትካዜ በሽታ
ብሶት፦ በልብ የታመቀ ምሬት
ቅጽል፦ በስም ላይ የሚጨመር መጠሪያ

መ. ጥያቄዎች

1. በምንባቡ መሠረት ናፍቆትና ድባቴ በምን ይለያያሉ?
2. ዶክተር ቲጃኒ አል ማሂ ለባህል ሕክምና የነበራቸው አመለካከት ምን ነበር?
3. «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚለው ምሳሌ በምንባቡ ውስጥ ምን ለማስረዳት ገባ?
4. ምሥጢር መጠበቅ የማይገባው መቼ ነው? ምክንያታችሁን ግለጡ።
5. «ከአንተ የባሰ አለ» በሚለው አነጋገር ፈንታ ለተከዘ ወዳጃችሁ የምትጽፉትን ደብዳቤ በአንድ ገጽ አዘጋጁ።