ስለ ዝሆኔ በሽታ ለሕዝብ እንዴት ማስረዳት እንደሚገባ

በጉቴ፥ በነቀምቴና በቀረውም የወለጋ ወይና ደጋ ቀዩ አፈር ለእህልም ለቡናም የተስማማ ነው። ነገር ግን ይኸው የሚመግበው አፈር በባዶ እግር ለዘመናት ሲረገጥ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ዝሆኔ የተባለውን የእግር እብጠት ያመጣል። ጉቴ በሚገኝበት በዋዩ ቱቃ ወረዳ ስለዚሁ በሽታ የተደረገ ጥናት በፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 ታትሟል። በመላው ኢትዮጵያም የታመሙት አዋቂዎች አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል እንደሚሆኑ ተገምቷል።

የበሽታው አመጣጥ እንዲህ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። እነዚህ በእግር ቆዳ አልፈው ይገባሉ፤ የሰውነትን ውሃ ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያስቈጣሉ፤ በብዙ ዓመትም ይደፍኗቸዋል። መመለሻ ያጣው ውሃ ይከማቻል፤ እግርም ያብጣል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ መርምረው ፖዶኮኒዮሲስ አሉት፤ ስሙም እግርና አቧራ ከሚሉት የግሪክ ቃላት የወጣ ነው። በቆላ አገር በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዝሆኔ ስላለ፥ ሁለቱን ሐኪም ይለያቸዋል።

ይህን የሚያስረዳ መምህር አስቀድሞ ሕዝቡን መስማት ይገባዋል። አንዳንዱ በእርግማን መጣ ይላል፤ አንዳንዱም ይጋባል ብሎ ይሸሻል። እንዲህ በሚል ሰው ላይ መሳለቅ ጆሮውን መዝጋት ነው። ይልቅስ ሕዝቡ በሚናገረው በኦሮምኛ፥ በሚያውቀውም ነገር መስሎ መንገር ይሻላል፤ ደለል የሞላው ቦይ ውሃውን እንደሚያግድ የማያውቅ ገበሬ የለምና።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የዘር ነገር ነው። በ2012 የታተመ ጥናት ለበሽታው መጋለጥ በዘር እንደሚወረስ አሳይቷል። ይህ ብቻውን ቢነገር፥ ሰው ከታማሚው ቤት ማግባትን ይፈራል፤ ድሃውም «ከዘሬ ከመጣ ጫማ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ስለዚህ የሚወረሰው ለአፈሩ መሸነፍ እንጂ በሽታው ራሱ እንዳልሆነ አብሮ ማስተማር ይገባል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ የተጫማ፥ እግሩንም በሳሙና የሚታጠብ ልጅ ከበሽታው ይጠበቃል።

ለታመመው ደግሞ የማይሆን ተስፋ አይሰጠው። በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመው ጥናት፥ እግርን ማጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ በፋሻ መጠቅለል፥ ካልሲና ጫማ ማድረግ ድንገት የሚነሣውን ትኵሳትና ሥቃይ እንደሚያሳንስ አስረድቷል፤ ፈጽሞ ያጠፋል ግን አላለም።

በሽታው አይጋባምና የታማሚ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጥ። ሽማግሌዎችም በሠርግና በለቅሶ ታማሚውን ከአጠገባቸው ቢያስቀምጡት፥ ይህ ከብዙ ቃል ይልቅ ያስተምራል።