ከገበያው አታስወጡት፦ ኦቲዝም ያለባቸው ጎልማሶችና ሥራ

 

ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮም ወይም ሌላ የአእምሮ እድገት ችግር ያለበት ልጅ የምታሳድግ እናት በልቧ የምትይዛት አንዲት ጥያቄ አለች። «እኔ ስሞት ማን ይይዝልኛል?» የምትል ናት። ልጁ ሕፃን ሳለ ጥያቄዋ ሩቅ ትመስላለች። ሃያ ዓመት ሲሞላው ግን በር ታንኳኳለች። በዛሬው አምዳችን ከመልሶቹ አንዱን፣ ሥራን እንመለከታለን።

መጀመሪያ እንወቃቸው

ኦቲዝም ተላላፊ በሽታ አይደለም። በክትባትም ሆነ በእናት ጥፋት አይመጣም። አንጎል ከጅምሩ በተለየ መንገድ በማደጉ የሚከሰት ሲሆን ልጅነት ሲያልፍ አብሮ አያልፍም። ብዙዎቹ ድንገተኛ ለውጥና ጫጫታ ይከብዳቸዋል፤ የሰውን ፊትና አሽሙር ማንበብ ይቸግራቸዋል። ሆኖም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ጨርሶ አይናገርም፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ይጨርሳል። ሌላውን የሚያሰለች ሥራ በጥንቃቄና በደስታ የሚሠሩም አሉ። ቁርኣን መቅራትና ዱዓ መልካም ነው፤ ማሰር፣ መምታትና ከእንግዳ መደበቅ ግን በደል እንጂ ሕክምና አይደለም።

በአገራችን ይህን ጉዳይ ወደ አደባባይ ካወጡት መካከል ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ይጠቀሳሉ። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ያኔ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል። ትናንት «የት ይማሩ?» ይባል ነበር፤ ዛሬ «የት ይሥሩ?» የሚለው ተጨምሯል።

ከመዲና የምንማረው

ማየት የተሳናቸው ሶሓባ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ከቢላል (ረ.ዐ) ጋር የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙአዚን ነበሩ። ንጋቱን ማየት ስለማይችሉ ሰዎች መንጋቱን ሲነግሯቸው አዛን ያደርጉ ነበር። ልብ እንበል፤ ከሥራው አልተነሱም። የጎደለችው አንዲት ነገር ነበረች፤ እሷን ሌላ ሰው ሞላላቸው።

በዚያው ከተማ በግብይት ላይ የማመዛዘን ድክመት የነበረበትና ሰዎች የሚያታልሉት አንድ ሰው ነበር። ቤተሰቦቹ ከንግድ እንዲታገድላቸው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። ሰውየው ንግድ መተው እንደማይችል ሲናገር፣ በተገበያየ ቁጥር ማታለል እንደማይፈቀድ አስቀድሞ እንዲናገር አስተማሩት። ከገበያው አላስወጡትም፤ በገበያው ውስጥ የሚጠብቀውን ቃል ሰጡት።

እንግዲህ ጥያቄያችን «ይችላል ወይስ አይችልም?» መሆን የለበትም። «የከለከለው ምንድን ነው? እሱንስ እንዴት እናቅልለት?» ማለት ይገባናል። የአገራችን ሕግም ወደዚሁ ያቀናል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ያካትታል። አሠሪው በጉዳቱ ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል፤ የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችም ያስገድዳል።

በባሕር ዳር እንዴት እንጀምር?

በጣና ዳር ነገደ ወይጦ ወንድሞቻችን ታንኳ ሲሠሩ ያየ ሰው ሥራው በደረጃ የተከፋፈለ መሆኑን ያውቃል። ደንገሉ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ በእኩል መጠን ይታሰራል። ሁሉንም የማይችል ሰው አንዱን ደረጃ አሳምሮ ሊችል ይችላል። የሆቴል አንሶላ ማጠፍ፣ አትክልት ማጠጣት፣ ቅመም መልቀም፣ በሱቅ ዕቃ መደርደር፣ አሳ ማጠብና መመዘን ሁሉ እንዲሁ ይከፋፈላሉ።

1. ለሁለት ሳምንት ያህል ልጃችሁን በጥሞና ተመልከቱ። ሳይታዘዝ የሚሠራውና የሚረበሽበት ምንድን ነው? ጻፉት።

2. ሥራውን ከፋፍላችሁ በሥዕል ወይም በፎቶ አሳዩት። «ጎበዝ ሁን» ከማለት «ሃያ አንሶላ እጠፍ፣ ከዚያ እዚህ አስቀምጥ» ማለት ይሻላል።

3. በቀን በሁለት ሰዓት ጀምሩ፤ ሲለምድ ጨምሩ። የቅዳሜ ገበያ ግርግር ለመጀመሪያ ቀን አይሆንም።

4. በሥራ ቦታው የሚጠይቀው አንድ የታወቀ ሰው ይኑር። አምስት አለቃ ያለው ሰው ግራ ይገባዋል።

5. ደመወዙን በእጁ ይቀበል። የሠራበት ገንዘብ ሰደቃ አይደለም፣ ሐቁ ነው። «እያገዝነው ነው» በሚል ሰበብ በነፃ ማሠራት ግን ግፍ ነው።

ምግብ፣ እንቅልፍና መድኃኒት

ሥራ የሚጸናው ሰውነት ሲጸና ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ብዙዎቹ የምግቡ ሽታ፣ ቀለም ወይም ልስላሴ ስለሚረብሻቸው የሚበሉት ጥቂት ዓይነት ብቻ ነው። ምሳውን ከቤት ቋጥሩለት፤ ከለመደው ጋር አዲሱን በጥቂት በጥቂቱ አቅርቡ። አሳ፣ እንቁላል፣ ምስርና ሽሮ ጥሩ የፕሮቲን ምንጮች ናቸው። በባሕር ዳር ሙቀት የውኃ ኮዳው አይረሳ። ኦቲዝምን የሚፈውስ የተለየ ምግብ እንዳለ የሚነግራችሁን ግን አትመኑ።

ለቀኑ ሥርዓት ሶላት ትልቅ አጋዥ ነው፤ «እስከ ዙህር ሥራ፣ ከዙህር በኋላ ምሳ» ቢባል ሰዓት የማያነብም ይረዳዋል። ረመዳን ሲቃረብ የምግብና የእንቅልፍ ሰዓት እንደሚቀየር ቀደም ብላችሁ ንገሩት። የሚጥል በሽታ በእነዚህ ሰዎች ላይ ከሌላው ይበዛል፤ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሐኪምና ዓሊም ሳታማክሩ ሰዓቱን አትቀይሩ። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለ ለምክርም ሆነ ለሕክምና ወደዚያ ሂዱ።

የጀመዓው ድርሻ

ሱቅ፣ ሆቴል ወይም ወፍጮ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሥራችሁ አንዱን ክፍል ለእንዲህ ዓይነት ሰው አስቡ። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ከጁሙዓ በኋላ ወላጆችንና ነጋዴዎችን ብታገናኙ ወጪ የለውም። ያቺ እናት «ማን ይይዝልኛል?» ስትል ብቻዋን መልስ መፈለግ አይኖርባትም። ልጇ ጠዋት ሲዘገይ «ዛሬ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ የሥራ ባልደረባ ካለው፣ የጥያቄዋ ግማሽ ተመልሷል።

አላህ ያግራልን። ወሏሁ አዕለም።