ከማሳና ከጓሮ የሚመጡ ናሙናዎች፦ ያልታወቁ ነፍሳትን በመለየት ሥራ የአግኚው ምስክርነት ያለው ቦታ

በበቆሎ ማሳው ውስጥ ያልለመደውን ትል ያገኘ ገበሬ ለልማት ሠራተኛው የሚያቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፤ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። ከጥያቄው በስተጀርባ ያለው ግን ውሳኔ ነው። ፀረ ተባይ ይረጭ ወይስ ትሉን በእጁ ይልቀም? ዛሬውኑ ይነሣ ወይስ ጥቂት ቀናት ይታገሥ? ናሙናውን የሚቀበለው ተመራማሪ ወይም የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚሰጠው ስም ወደ ማሳው ተመልሶ ገንዘብ፣ ጉልበትና መርዝ ያንቀሳቅሳል። በዚህም የተነሣ የተሳሳተ ስም ከስም አልባነት የበለጠ የሚጎዳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ይህ ጽሑፍ ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች ያገኟቸውን ነፍሳት የመለየት ሥራ በተለይ በበቆሎ ትሎች፣ ቀጥሎም በከተማ የወባ ትንኝና በአንበጣ ምሳሌነት ይመረምራል። መነሻው አንድ ነው፦ አግኚው የሚያመጣው ናሙና ብቻ አይደለም። በናሙናው ላይ ፈጽሞ የማይነበብ፣ ካልተጠየቀም የሚጠፋ ማስረጃ በአግኚው ዘንድ አለ።

ተምች የሚለው ስም

በአማርኛ «ትል» የሚለው ቃል የእሳት እራት እጭንም፣ የጥንዚዛ እጭንም፣ የምድር ትልንም ያጠቃልላል። «ተምች» ከዚህ ይልቅ የተወሰነ ይመስላል፤ ለረጅም ጊዜ የቆየው አጠራሩም ስፖዶፕቴራ ኤግዜምፕታ የተባለውን የአፍሪካ ተምች ያመለክት ነበር። በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2017) ግን ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፐርዳ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የበቆሎ ማሳዎች ታየ። ይህ ዝርያ ከአሜሪካ አህጉር የመነጨ ሲሆን በምዕራብ አፍሪካ መገኘቱ የተዘገበው ከአንድ ዓመት በፊት ነበር። በአገራችን የአሜሪካ መጤ ተምች የሚል ስም ወጣለት። ሁለቱ በአንድ ጂነስ ውስጥ ይመደባሉ፤ ስማቸውም ተቀራርቧል፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው።

ነባሩ ተምች ዝናብን ተከትሎ በድንገት በብዛት ይፈላል። በተጨናነቀበት ጊዜ እጩ ጥቁር ከፋይ ይመስላል፤ የግጦሽ ሣር፣ ጤፍና በቆሎ እየበላ ከማሳ ወደ ማሳ ይጓዛል። መጤው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዝ መንጋ አይሠራም። ትልቁ እጭ የራሱን ወገን የሚበላ በመሆኑ በአንድ የበቆሎ ተክል ላይ በመጨረሻ የሚቀሩት አንድ ወይም ጥቂት ናቸው። እነዚህም ገና ባልተዘረጋው የአናት ጥቅል ቅጠል ውስጥ ተሸሽገው ይበላሉ፤ ሰጋቱራ የመሰለው ኩሳቸውም ከላይ ይደፍናቸዋል። ለነባሩ ተምች በቅጠል ላይ የሚረጭ መድኃኒት ያደገውን መጤ ተምች በሚገባ ላያገኘው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። «ተምች መጣ» የሚለው መልእክት ብቻውን የደረሰው ጽሕፈት ቤት እንግዲህ ገና ምንም አልተነገረውም ማለት ይቻላል።

ምልክቶቹና ጥንካሬያቸው

ለመጤው ተምች መለያነት በሥልጠና ጽሑፎች ላይ ዘወትር የሚጠቀሰው በእጩ ግንባር ላይ የሚታየው የተገለበጠ የ«ዋይ» ቅርጽ ነው። ምልክቱ ለማስታወስ ቀላል ስለሆነ ተስፋፍቷል፤ ከማስረጃነት አንጻር ግን ደካማ ነው። በመስመሮቹ የሚሠራው ይህ ቅርጽ ከእጭ ራስ አካል አገነባብ የሚመነጭ በመሆኑ በሌሎች የእሳት እራት እጮችም ላይ ደብዝዞም ቢሆን ይታያል። በመጀመሪያዎቹ የእድገት ደረጃዎች ላይ ባለ የመጤው ተምች እጭ ላይ ደግሞ በግልጽ ላይታይ ይችላል። የተሻለው ምልክት በስምንተኛው የሆድ ክፍል ጀርባ ላይ በካሬ ቅርጽ የተቀመጡት አራት ጥቁር ነጥቦች ናቸው። በሌሎቹ የሆድ ክፍሎች ላይ ነጥቦቹ በትራፒዝየም ቅርጽ ይደረደራሉ። ሁለቱም ቅርጾች በአንድ እጭ ላይ ከታዩና እጩም ከበቆሎ አናት የተወሰደ ከሆነ ስሙን ለመስጠት በቂ መሠረት አለ።

እጩ ስድስት ጊዜ የእድገት ደረጃ ይለውጣል። ገበሬው ጉዳቱን ማየት በሚጀምርበት ሰዓት፣ ማለትም ቅጠሉ እንደ መስኮት ብርሃን በሚያሳልፍ ሽፋን ሲሞላ፣ እጩ ገና ትንሽ ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳት የአገዳ ቆርቁር ወጣት እጮችም ያደርሳሉ። በከፍተኛ ቦታዎች ቡሴኦላ ፉስካ፣ በሞቃት ቆላ ደግሞ ከእስያ የገባው ቺሎ ፓርቴለስ ይበዛሉ። እነዚህ ካደጉ በኋላ አገዳውን ሰርስረው ስለሚገቡ አገዳውን ሰንጥቆ ማየት ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ይዘጋዋል። ሁለቱን ቆርቁሮች ከእርስ በርሳቸው ለመለየት ማጉያ መነጽር ያስፈልጋል፤ በሆድ እግሮቻቸው ጫፍ ላይ ያሉት ጥቃቅን መንጠቆዎች በቡሴኦላ ላይ ግማሽ ክብ፣ በቺሎ ላይ ሙሉ ክብ ይሠራሉ። ይህንን ምልክት ከስልክ ፎቶግራፍ የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይጠብቃል።

ከበቆሎ እሸት ውስጥ የተገኘ እጭ ደግሞ ሄሊኮቨርፓ አርሚጌራ ሊሆን ይችላል። የዚህ ዝርያ ቀለም ከአረንጓዴ እስከ ቡናማና ሮዝ ስለሚለዋወጥ ቀለምን መከተል ያሳስታል፤ በማጉያ ሲታይ ግን ቆዳው በደቃቅ እሾህ መሰል ጉልጉሎች የተሸፈነ ነው። የመጤው ተምች ቆዳ እንዲህ ያለ ሸካራነት የለውም።

አንዳንድ ጊዜ ከእጩ አጠገብ ነጭ፣ ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ የድር ሽፋን ይገኛል። አግኚው «እንቁላሉ ነው» ብሎ ሲያመጣው መቀበል ቀላል ነው። ኮቴሲያ ኢሲፔ የተባለች ጥገኛ ተርብ ኢትዮጵያን ጨምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በመጤው ተምች ላይ እንደምትራባ ተመዝግቧል፤ የዚህ ወገን ተርቦች እጭ ከትሉ አካል ወጥቶ ራሱን የሚሸፍነው በእንዲህ ዓይነት ድር ነው። የመጤው ተምች እንቁላሎች ግን በክምር የሚጣሉና ከእናቲቱ አካል በረገፈ ጸጉር የሚሸፈኑ ናቸው። ሁለቱን ያምታታ መልስ ገበሬውን ረዳቱን እንዲጨፈልቅ ይመክረዋል።

ከእጭ ብቻ መወሰን ካልተቻለ እስኪያድግ ማቆየት የቆየና ርካሽ መንገድ ነው። አንድ እጭ ለብቻው፣ አየር በሚያስገባ ዕቃ፣ ጥቂት እርጥብ አፈርና በየቀኑ የሚለወጥ የበቆሎ ቅጠል ተሰጥቶት ሲቀመጥ ወደ ሙሽሬ፣ ከዚያም ወደ እሳት እራት ይለወጣል። ለብቻው መቀመጡ ግድ ነው፤ አሥር እጮችን በአንድ ዕቃ ያኖረ ተማሪ በሳምንቱ የሚያገኘው ጥቂት የጠገቡ እጮችን ነው።

ቁልፉ ያልያዘው ስም

ሁለተኛው ጉዳይ የመለያ ቁልፎችን ይመለከታል። የመለያ ቁልፍ ሊሰጥ የሚችለው በውስጡ የተጻፈውን ስም ብቻ ነው፤ ከሌላ አህጉር ለመጣ እንግዳ የሚሰጠው የጎረቤቱን ስም ነው። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ላሉ የወባ ትንኞች ለብዙ ዓመታት መመሪያ ሆኖ ያገለገለው እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው የጊሊስና የኩትዚ ቁልፍ አኖፌለስ ስቴፈንሲን አልያዘም ነበር፤ ትንኙ በዚያን ጊዜ የደቡብ እስያና የአካባቢው ነዋሪ ስለነበር መጠበቅም አይገባውም ነበር። ይኸው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በቀብሪ ደሃር ተገኘ። በኢትዮጵያ ማንነቱ የተረጋገጠው አካላዊ ምልክቶቹ ከዲኤንኤ ምርመራ ጋር ተዛምደው ነው። ከዚያ በኋላ የወጣው የ2020 የኩትዚ ቁልፍ ዝርያውን አካትቷል። አሮጌውን ቁልፍ ብቻ ይዞ የሚሠራ ቤተ ሙከራ ግን በቁልፉ ሕግ መሠረት በትክክል እየሠራ ሊሳሳት ይችላል። የዲኤንኤ ምርመራም ቢሆን ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም፤ ውጤቱ የሚነጻጸረው ቀድሞ ከተከማቸ ማኅደር ጋር ነውና። በስልክ ላይ የሚጫኑ ነፍሳት ለዪ ፕሮግራሞችም እንዲሁ ናቸው፤ ልዩነታቸው የማኅደራቸውን ወሰን ለተጠቃሚው አለማሳየታቸው ነው።

የስህተቱ ዋጋ ቀላል አይደለም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ቦታ በሚጠራቀም ውኃ ስለሚራባ በደረቅ ወራት በከተማ ውስጥ ወባን ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ የተከሰተው ወረርሽኝ ከእርሱ ጋር መያያዙ በጥናት ተመልክቷል። ትንኙ አኖፌለስ አራቢየንሲስ ተብሎ ቢመዘገብ ቁጥጥሩ ወደ ረግረግና ወደ ጊዜያዊ ኩሬ ይዞር ነበር፤ በርሜሉ ሳይከደን ይቀራል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ተራው የቤት ባለቤት የሚሰጠው ምስክርነት የላቀ ዋጋ አለው። በእነዚሁ ዕቃዎች ውስጥ የደንጊ በሽታን የሚያስተላልፈው ኤዴስ ኤጂፕታይም ይራባል። የኤዴስ እጭ በጅራቱ በኩል ባለው የመተንፈሻ ቱቦ ከውኃው ገጽ ላይ ወደ ታች አዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፤ የአኖፌለስ እጭ ቱቦ ስለሌለው ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል። እጩ አልኮል ውስጥ ከገባ በኋላ አተኛኘቱ የለም። «በርሜሉን ሲከፍቱ እንዴት ሆኖ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ያለ ምንም መሣሪያ ጂነሱን ሊያመለክት ይችላል፤ ዝርያውን ግን አይናገርም።

ሦስተኛውን ጉዳይ በአጭሩ ማንሣት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 በነበረው የአንበጣ ወረራ ወቅት ከነዋሪዎች መረጃ መሰብሰብ ለቁጥጥሩ ሥራ አስፈላጊ ነበር። የበረሃ አንበጣን ከዛፍ አንበጣ ለመለየት የኋላ ክንፍን ዘርግቶ ማየት ይረዳል፤ የበረሃ አንበጣ የኋላ ክንፍ ጥቁር መቀነት የለውም፣ የዛፍ አንበጣው ግን አለው። ፎቶግራፎቹ ዘወትር ክንፉ ተከድኖ ይነሣሉ። የበረሃ አንበጣ መንጋ በቀን፣ የዛፍ አንበጣ በሌሊት ይበራል፤ ስለዚህ የታየበት ሰዓት ራሱ ማስረጃ ነው።

አግኚው የሚቆጥረውም ቢሆን በቀላሉ መጣል የለበትም። «አሥር እግር ያለው ሸረሪት» የሚል ሪፖርት ስህተት ሊመስል ይችላል፤ በሌሎች አገሮች የግመል ሸረሪት የሚባለው የሶሊፉጌ ወገን ግን ከአፉ አጠገብ ያሉት ሁለት አካላት እግር ስለሚመስሉ በእርግጥም አሥር እግር ያለው ይመስላል። ቆጠራው የተሳሳተው በአካል ስም እንጂ በቁጥር አይደለም፤ ይህም ስህተት ፍጥረቱን ለይቶ ያሳውቃል።

አያያዝ

ከገጠር የሚመጡ እጮች ጥቁርና ለስላሳ ሆነው የሚደርሱት ብዙ ጊዜ በሕይወት ሳሉ በቀጥታ አልኮል ውስጥ ስለሚጣሉ ነው። እጭ አስቀድሞ ለመፍላት በተቃረበ ውኃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ተነክሮ፣ ከዚያም ከ70 እስከ 80 በመቶ አልኮል ውስጥ ቢቀመጥ ነጥቦቹ ይቆያሉ። ለዲኤንኤ ምርመራ የሚፈለግ ከሆነ 95 በመቶና ከዚያ በላይ ይመረጣል፤ ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚጎዳ አይመከርም። አረቄ ለጥቂት ቀናት ማቆያነት ከምንም ይሻላል፤ ጥንካሬው ግን ለዘላቂ ጥበቃ አይበቃም። የእጅ ማጽጃ ሳኒታይዘር ከአረቄ የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል። የደረቀ ትንኝ በጥጥ ተጠቅልሎ ሲመጣ ለመለየት የሚያገለግሉት ቅርፊቶች በጥጡ ላይ ይቀራሉ፤ በለስላሳ ወረቀት በተደገፈ ጠንካራ ብልቃጥ መላክ ይሻላል።

ከናሙናው ጋር የሚላከው ወረቀት ቢያንስ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና የተገኘበትን ተክል ወይም ዕቃ መያዝ አለበት። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በጎርጎርዮሳዊው ሳይጠቀስ ከቀረ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት በማኅደር ውስጥ ይገባል፤ መጤ ዝርያ መቼ እንደገባ ለሚያጠና ሰው ይህ ሙሉ ታሪኩን ያዛባል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «ሦስት ሰዓት» ጠዋት ይሁን ማታ ካልተጻፈ የአንበጣው ምስክርነት ዋጋ ያጣል።

የመልሱ አሰጣጥ

መልሱ ማስረጃው እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ መሄድ ይገባዋል። ጂነስ ድረስ የተለየ እጭ ጂነስ ተብሎ ይጻፍ፤ ከስሙ አጠገብም ለስሙ መነሻ የሆነው ምልክት ይጠቀስ፣ ወደፊት ሌላ ሰው ሲመረምረው ምን እንደታየና ምን እንዳልታየ ያውቅ ዘንድ። ገበሬው ግን በጂነስ ደረጃ የተሰጠ መልስ ይዞ ማሳው ላይ መቆም አይችልም። ስለዚህ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። ለምሳሌ በማጉያ ያልታየ ወጣት እጭ በፎቶግራፍ ሲደርስ የሚከተለው መልስ ይበቃል፦ «የስፖዶፕቴራ ወገን ሳይሆን አይቀርም፤ በጀርባው መጨረሻ ያሉት ነጥቦች በፎቶው ላይ አልታዩም። ከአሥር ተክሎች አናት ላይ ጥቅሉን ገልጠው የተገኙትን ትሎች በእጅ ይልቀሙ፤ ትልልቆቹን ሁለቱን በየራሳቸው ዕቃ ከነሕይወታቸው ይላኩ፤ ውጤቱ እስኪነገርዎ ድረስ አይርጩ።»