ምዕራፍ 6፦ ቁጥጥሩና ቁጥሩ

አንድ ዕድር ገንዘቡን ከባንክ የሚያወጣው በዳኛው፣ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ የጣምራ ፊርማ ነው እንበል። ዓመቱ ሲያልቅ ሂሳብ እንዲመረምሩ ሁለት ሰዎች ተመረጡ። አንደኛው የክፍያ ሰነዶቹን እያገላበጠ በእያንዳንዳቸው ላይ ሦስቱም ፊርማዎች መኖራቸውን ያያል። ሁለተኛው የባንኩን የሂሳብ መግለጫ አስወጥቶ ከመዝገቡ ቀሪ ጋር ያስታርቃል፤ ቀጥሎም የተወሰኑ አባላት ቤት ሄዶ በእጃቸው ያለውን የመዋጮ ካርድ ገንዘብ ያዡ ከጻፈው ጋር ያመሳክራል። ማታ ሲገናኙ ሁለቱም «መርምሬያለሁ» ይላሉ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ግን አንደኛው በረቱ አለመፍረሱን አየ፤ ሁለተኛው ከብቶቹን ቆጠረ።

በሙያው ቋንቋ የመጀመሪያው የቁጥጥር ፍተሻ ነው። ሁለተኛውን ባለሙያዎች ሰብስታንቲቭ ይሉታል። እኔ በዚህ ምዕራፍ የቁጥር ፍተሻ እለዋለሁ፤ ቋንቋችን ራሱ መንገዱን ያሳየናልና። ቁጥርም ቁጥጥርም የወጡት «ቆጠረ» ከሚለው ግሥ ነው። ቁጥሩ መዝገብ ላይ የሰፈረው ብር ነው። ቁጥጥሩ ያ ብር እንዳይሳሳት ወይም እንዳይጠፋ ሰዎች እርስ በርስ የሚተያዩበት አሠራር ነው። እናታቸው አንድ ስለሆነች ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፤ ከምረቃ በኋላ ዓመታት የሠሩ ሳይቀሩ።

እኔም አምታትቼያቸው ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን 60 የክፍያ ማዘዣዎች ተሰጡኝ። ሁለት ቀን ተቀምጬ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠውና ያጸደቀው ሰው መፈረማቸውን አንድ በአንድ አየሁ። አለቃዬ መጥተው፣

«እህ፣ ብሩ ልክ ነው?» አሉኝ።

«ሁሉም ተፈርሞባቸዋል።»

«እሱንማ ሰማሁ። እኔ የጠየቅኩህ ብሩን ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ደረሰኙን ከማዘዣው ጋር አላስተያየሁም፤ ወደ ሌጀር በትክክል መዛወሩንም አላየሁም። በእጄ የነበረው ማስረጃ ስለ ፈራሚዎቹ እንጂ ስለ ገንዘቡ አይናገርም ነበር።

ልዩነቱን አጥብቆ የሚይዘው ጥያቄው ነው። የቁጥጥር ፍተሻ «ስህተትን የሚከላከለው ወይም ደርሶ የሚያርመው አሠራር ዓመቱን ሙሉ ሠርቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም በድግግሞሽ ይመጣል፦ ከ40 ክፍያዎች በ3ቱ የማጽደቂያ ፊርማ የለም። የቁጥር ፍተሻ «የተጻፈው ብር እውነት ነው ወይ?» ይላል፤ መልሱም በብር ይመጣል፦ ወጪው በ36,000 ብር በዝቶ ተመዝግቧል። የሥራ ወረቀት ላይ ያሰፈርከው ግኝት የቱ ዓይነት እንደሆነ ግራ ከገባህ፣ መልሱ በስንት ጊዜ ወይስ በስንት ብር እንደሚነገር ራስህን ጠይቅ።

አንድ ማዘዣ ይዘን እንየው። ደረሰኙ 148,600 ብር ይላል፤ ማዘዣውም መዝገቡም 148,600 ብር ይላሉ፤ ነገር ግን ያጸደቀው ሰው አልፈረመም። ብሩ ልክ ስለሆነ መዝገቡ አልተዛባም። ቁጥጥሩ ግን ወድቋል። «ብሩ ልክ ከሆነ ምን ቸገረን?» የሚል ሥራ አስኪያጅ አይጠፋም፤ የሚቸግረው ያልተፈረመበት ማዘዣ ነገ በሌላ ብር መምጣቱ ነው።

አሁን ገልብጠው። ፊርማዎቹ ሙሉ ናቸው፤ ደረሰኙ 148,600 ይላል፤ መዝገቡ ግን 184,600። (ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ አንዱ ምክንያት ሁለት አኃዞች ቦታ መለዋወጣቸው ሊሆን ይችላል። ይህን የድሮ የሂሳብ ሠራተኞች ዘዴ ዛሬም እወደዋለሁ፤ 36,000 ለ9 ሲካፈል 4,000 ነው።) እዚህ ብሩም ስቷል፤ ቁጥጥሩም ስቷል፤ ምክንያቱም ፈራሚው ሳያይ ፈርሟል። ስለዚህ ቁጥጥርን የሚፈትሽ ሰው ቀለሙን አይቶ አያልፍም። ፈራሚው ምን እያመሳከረ እንደሚፈርም ይጠይቃል፤ ሲሠራ ቆሞ ያያል፤ ማመሳከሩን ራሱ ደግሞ ይሠራዋል። መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ሥራዬን በአግባቡ አልሠራም የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝምና።

ልብ በል፤ ማዘዣውን ከደረሰኙ ጋር ስታስተያይ ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ጊዜ ልትመልስ ትችላለህ። ይህ የተፈቀደ ነው፤ ጥምር ዓላማ ያለው ፍተሻ ይባላል። ወረቀቱ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ድምዳሜው ግን ሁለት ሆኖ መጻፍ አለበት።

የቁጥር ፍተሻ ሁልጊዜ ወረቀት በወረቀት መልቀም አይደለም። አንዱ መንገድ የዝርዝር ፍተሻ ነው፤ መቁጠር፣ ማመሳከር፣ ለባንክና ለባለ ዕዳ ጽፎ ማረጋገጫ መቀበል። ሌላው መጠበቅ የሚገባውን ብር አስቀድሞ ማስላት ነው። 24 ክፍሎች ያሉት ሕንፃ እያንዳንዱን በወር በ15,000 ብር ቢያከራይ የዓመቱ ገቢ 4,320,000 ብር ሊሆን ይገባል። መዝገቡ 3,700,000 ካለ፣ የትኞቹ ክፍሎች ለስንት ወር ባዶ እንደነበሩ ከኪራይ ውሎቹ ይጣራል።

በአገራችን ስለ ፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ የወጣው አዋጅ ቁጥር 847/2006 ኦዲተሮችን ወደ ዓለም አቀፍ የኦዲት ደረጃዎች መርቷቸዋል። ከእነዚህ መካከል ደረጃ 330 ሁለቱን ፍተሻዎች እኩል አያያቸውም። ቁጥጥርን የግድ የምትፈትሸው በቁጥጥሩ ተማምነህ የቁጥር ፍተሻህን ልታሳንስ ስታስብ፣ ወይም የቁጥር ፍተሻ ብቻውን በቂ ማስረጃ በማይሰጥበት ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ ሁሉም ነገር በኮምፒውተር ተጀምሮ በኮምፒውተር ሲያልቅ። የቁጥር ፍተሻን ግን ቁጥጥሩ ምንም ያህል ቢያምር፣ ጉልህ በሆነ ሂሳብ ሁሉ ላይ ከመሥራት አታመልጥም።

ለምን? ቁጥጥር በሰዎች መካከል የሚቆም ነገር ስለሆነ ሰዎቹ ሲስማሙ ይፈርሳል። በ1938 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጋለጠው የማኬሰን ኤንድ ሮቢንስ የመድኃኒት ኩባንያ ጉዳይ ይህን ከምንም በላይ ያስተምራል። የግዥ ትእዛዙ፣ የዕቃ ገቢው፣ የመላኪያ ሰነዱ ሁሉ ነበር፤ ወረቀቱ እርስ በርሱ ይገጥማል። ሥራውም በተለያዩ ሰዎች የተከፋፈለ ይመስል ነበር። ችግሩ፣ ዶናልድ ኮስተር የሚባሉት ፕሬዚዳንት በእውነተኛ ስማቸው ፊሊፕ ሙዚካ የተባሉ፣ ቀድሞ በማጭበርበር የተፈረደባቸው ሰው ነበሩ፤ በሐሰት ስም ኩባንያው ውስጥ ቁልፍ ቦታ የያዙት ሁለት ሰዎችም ወንድሞቻቸው ናቸው። ሌላ ወንድም ከውጭ ሆኖ ይተባበራል። ካናዳ ውስጥ አለ የተባለው የመድኃኒት ክምችት በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ነው። ከ87 ሚሊዮን ዶላር ንብረት ውስጥ 19 ሚሊዮኑ ያህል የለም። በረቱ ከነመዝጊያው ተሟልቷል፤ ውስጡ ከብት አልነበረም።

ኦዲተሮቹ ዕቃውን ሄደው አላዩም፤ በጊዜው የነበረው ልማድም አያስገድዳቸውም ነበር። በ1939 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የዕቃ ቆጠራ ላይ መገኘትንና ለባለ ዕዳዎች የማረጋገጫ ደብዳቤ መላክን መደበኛ ሥራ አደረገ። ዛሬ ወጣት ኦዲተሮች የሚሰላቹበት ቆጠራ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ የተገላቢጦሽ ስህተትም አለ። የቁጥር ፍተሻው ምንም ስህተት ሳያገኝ ሲቀር «እንግዲያው ቁጥጥሩ ጠንካራ ነው» ብሎ መጻፍ። አይሆንም። ዘንድሮ ሌባ ያልገባበት ቤት ቁልፉ ጥሩ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። በተቃራኒው፣ ስህተት ከተገኘ ቁጥጥሩን መለስ ብለህ መጠርጠር ግዴታህ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ የሚታየው ሰኔ 30 ቀን መጋዘን ውስጥ ነው። ቆጣሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይገባሉ፤ ተከታታይ ቁጥር ያለው መለያ ወረቀት ይዘዋል፤ በቆጠራው ሰዓት ዕቃ እንዳይገባና እንዳይወጣ ታዟል። ኦዲተሩ ጥግ ላይ ቆሞ ትእዛዙ መከበሩን፣ ንብረት ያዡ ብቻውን አለመቁጠሩን ያያል፤ ይህን ቁጥጥር ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ ራሱ ወደ ሲሚንቶው ክምር ይሄዳል፤ ከፊት ያሉትን አይቶ አይመለስም፣ መሃሉ ባዶ እንዳይሆን ከላይ ወጥቶ ያያል፤ ኩንታሎቹን ቆጥሮ ከቢን ካርዱ (ከዕቃው መቆጣጠሪያ ካርድ)፣ ከመጨረሻው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ (ሞዴል 19) እና የዕቃ ወጪ ደረሰኝ (ሞዴል 22) ጋር ያመሳክራል። ይህን በሌላ ገጽ ላይ ቁጥር ብሎ ይጽፋል። አቧራው ያው አንድ ነው፤ ሰዓቱም።