ልጄ እርሳስ ታላምጣለች፣ ትመረዛለች ወይ?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ርዕሱ ላይ ያያችሁት ነው። መልሱ አጭር ነው፦ በእርሳስ አትመረዝም። የመጻፊያ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ይባላል፤ የካርቦን ዓይነት ነው፣ የከሰል ዘመድ በሉት። እርሳስ ከሚባለው ብረት ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው። (ተሰብሮ እንዳያንቃት ግን ተከታተሏት።)

ብረቱ እርሳስ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ የመኪና ባትሪ ውስጥ፣ አሮጌ የዘይት ቀለም ውስጥ፣ አንዳንድ ባህላዊ ኩል ውስጥ።

ከባድ ብረት የሚባለው በምክንያት ነው፤ የአንድ ሊትር ዕቃ በእርሳስ ቢሞላ ከ11 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የሚጎዳን ግን ክብደቱ ሳይሆን ኬሚስትሪው ነው። እርሳስ ሁለት ኤሌክትሮን ሲያጣ ሁለት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል፣ ልክ እንደ ካልሲየም። ሰውነታችን እዚህ ላይ ይሸወዳል! ካልሲየም መስሎት ከአንጀት ያስገባዋል፣ ወደ አንጎል ያሳልፈዋል፣ አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ደም ውስጥ ያለው በአንድ ወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ አጥንት የገባው ግን አሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። እናት ስታረግዝ አጥንቷ ለፅንሱ ካልሲየም ሲለቅ፣ በልጅነቷ የገባው እርሳስም አብሮ ሊወጣ ይችላል። በዚያ ላይ ሄሞግሎቢን የሚሠሩ ኢንዛይሞችን አንቆ ስለሚይዝ ደም ማነስ ያመጣል።

አዋቂ ሰው ከዋጠው እርሳስ 10 በመቶ ገደማ ወደ ደሙ ሲገባ፣ ትንንሽ ልጆች ላይ እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። አይረን ያነሰው ልጅ ላይ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አይታወቅም ይላል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል። ባትሪ ፈትቶ ግቢ ውስጥ ማቅለጥ የቀለለው ለዚህ ነው። ብናኙ አፈር ላይ ያርፋል፣ ልጅ አፈሩ ላይ ይጫወታል፣ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። አባት ጋራዥ ወይም ባትሪ ቤት ከሠራ ደግሞ በልብሱና በጫማው ይዞት ይገባል። ልብሱን እዚያው ቀይሮ፣ ታጥቦ ይምጣ፤ የሥራ ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ። የሕፃን ዓይን ኩል አትቀቡ፣ ምን እንዳለበት አታውቁምና።

«ወተት ጠጥቼ አጥበዋለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ ደም ውስጥ የገባ እርሳስን ግን አያጥብም። ውሃ ማፍላትም እርሳስን አያጠፋም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያው እርሳስ በትንሽ ውሃ ይቀራል።

ምልክቱ ግልጽ አይደለም፦ የሆድ ቁርጠት፣ ድርቀት፣ ድካም፣ ልጅ ላይ ትምህርት አለመቀበል። ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት የለውም፤ የሚለየው በደም ምርመራ ነው። ልጃችሁን ስታሳክሙ ሐኪሙ የአባቱን ሥራ ካልጠየቃችሁ እናንተው ንገሩት።